የወገብ ፊዚዮቴራፒው እየሠራልዎት ነው? በራስዎ ግብ የሚለኩበት መንገድ

ወገቡን አሞት ፊዚዮቴራፒ የጀመረ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «ይሄ ነገር እየሠራልኝ ነው ወይስ ጊዜዬንና ብሬን እየጨረስኩ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ተሳፍሮ ባህር ዳር ለሚመጣ፣ የቀን ገቢውን ትቶ ለሚመጣ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ መልሱ የግድ ያስፈልጋል።

ችግሩ ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከሕመሙ መጠን ብቻ መሆኑ ነው። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ግን ጠባዩ ወጣ ገባ ነው። ዛሬ ቀለል ይላል፣ ነገ ይብሳል፣ እንቅልፍ ያጡ ዕለት አያድርስ ነው። በእሱ ብቻ ከለኩ አንድ ቀን ይደሰታሉ፣ በማግሥቱ ተስፋ ይቆርጣሉ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለታካሚዎቼ የምመክረው ሌላ መለኪያ ነው፦ ወገብዎ ካስተወዎት ሥራ ውስጥ ስንቱን መልሰው ያዙ?

የሚያስፈልግዎት አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። የተሻለው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መጻፍ ነው። ጀምረው ከሆነም ዛሬ ይጻፉ።

ከሁሉ በፊት፦ ሐኪም አይቶዎታል?

ይህ መመሪያ ከሦስት ወር በላይ ለቆየና ሐኪም ላየው የወገብ ሕመም ነው። ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎት ደብተሩን ይተዉትና ቶሎ ሕክምና ይሂዱ፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ወይም ሽንት እምቢ ማለት፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር መስነፍ፣ ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከባድ ሕመም፣ ከዚህ በፊት የታከሙት ካንሰር። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳትም እንዲሁ። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። «ወገቤን ነው» እየተባለ ወራት ሊያልፍበት ይችላል።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ለነገ አይባልም። በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ነው።

1. ወገብዎ ያስቀረብዎትን ሁሉ ይጻፉ

አንድ ሙሉ ቀንዎን ከጠዋት ጀምረው በሐሳብዎ ይሂዱበት። ከአልጋ ሲነሱ፣ ጎንበስ ብለው ፊትዎን ሲታጠቡ፣ ጫማ ሲያስሩ፣ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ሲያነሱ። ከዚያ ሳምንቱን ይሂዱበት። ገበያ፣ ቅዳሴ፣ ዕድር፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ ልጅ ማዘል፣ ብስክሌት። ባህር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ብስክሌቱን ለወንድሙ ሰጥቶ በእግሩ የሚሄድ ስንት ሰው አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው «ሕመሙ ይጥፋልኝ» ብሎ ነው። ይህ ምኞት ነው፣ እኔም እመኝልዎታለሁ። ግን ለመለካት አይመችም። እንዲህ ሲሉ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ሕመሙ ቢጠፋልኝ ነገ ጠዋት ተነሥቼ ምን እሠራ ነበር?» የሚመጣው መልስ ነው የሚጻፈው። «ከልጄ ጋር ኳስ እጫወት ነበር»፣ «እናቴን ለማየት መራዊ እሄድ ነበር»፣ «ሱቄን ራሴ እከፍት ነበር»።

የራጅና የኤምአርአይ ውጤትም ግብ አይሁን። «ዲስኬ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ይመለስልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች የአከርካሪ ምስል አሰባስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ላይ ካሉት 96 በመቶ ያህሉ የዲስክ መድከም ታይቶባቸዋል። ሳያማቸው ማለት ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሳይለወጥ እርስዎ ሊሻልዎት ይችላል።

2. ሦስት ይምረጡ

ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም ሦስት ይበቃል። ቢበዛ አምስት። የምመክረው እንዲህ ነው፦ አንዱ ለእንጀራዎ የግድ የሆነ፣ አንዱ ልብዎ የሚወደው፣ አንዱ ቅርብ የሆነና በጥቂት ሳምንት ሊደረስበት የሚችል። ሦስቱም የእርስዎ ይሁኑ። ልጆችዎ «እማዬ ለምን ጂም አትገቢም?» ስላሉ ጂም ግብ አይሆንም።

3. እያንዳንዱን በቁጥርና በቦታ ያሥሩት

«በደንብ መራመድ» ግብ አይደለም። ከየት እስከ የት? ስንት ደቂቃ? ምን ይዘው? መለኪያው በሰፈርዎ አለ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 760 ሜትር። ሜዳ ነው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ቁጥሩም አይለወጥም። «ድልድዩን ደርሶ መልስ፣ ሳልቀመጥ፣ ጠዋት» ብሎ የጻፈ ሰው ሲሳካለት ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ከሆነ «ቅዳሴ መቆም» ብለው አይተዉት። ከየትኛው ክፍል እስከ የትኛው? በመቋሚያ ተደግፈው ነው ወይስ ያለ መቋሚያ? ምርኩዝ መጠቀም ነውር የለውም፤ ግን በየጊዜው ሲለኩ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን እሑድ ተደግፈው፣ ሌላውን ሳይደገፉ ከለኩ የሚያወዳድሩት ነገር የለም።

ቀን ይቁረጡለት። ለመጀመሪያው ዙር ስድስት ሳምንት ጥሩ ነው።

4. ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ

አሁን ለእያንዳንዱ ሥራ የዛሬውን ነጥብ ይጻፉ። 0 ማለት ፈጽሞ አልችለውም ነው። 10 ማለት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት እንደምሠራው እሠራዋለሁ ነው። ይህን አሠራር ከእኔ የመነጨ አያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት ነው።

ከጎኑ የሕመሙንም ቁጥር መጻፍ ይችላሉ፤ ግን ይጠንቀቁ። የሕመሙ መለኪያ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። 0 ሕመም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ አይታሰብም። ሁለቱን በአንድ ዓምድ የጻፈ ሰው ግራ ይገባዋል። በሁለት ቀለም ይጻፉ ወይም ገጹን ለሁለት ይክፈሉት።

ለማንበብና ለመጻፍ ለማይመቻቸው እናትና አባት ወረቀት አያስፈልግም። 10 የሽምብራ ፍሬ ሰፌድ ላይ ያስቀምጡላቸው። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ድሮ ጤነኛ ሳሉ የሚችሉት ነው። ዛሬ ከዚህ ስንቱን ይችላሉ?» ይበሏቸው። በእጃቸው ለይተው ያስቀምጣሉ። እርስዎ ቆጥረው ይጽፋሉ። ለአንዳንድ ሰው ከወረቀቱ ይልቅ ይህ የሚሻል ይመስለኛል፤ ፍሬውን አንዴ ያነሡታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል፣ ያስባሉ። በነገራችን ላይ አይምረጡላቸው፣ አይገምቱላቸው። ነጥቡ የእሳቸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ እናት ናቸው እንበል። ደብተራቸው እንዲህ ይላል፦

ቆሜ 30 እንጀራ መጋገር፣ ሳልቀመጥ። ዛሬ ከ8 እንጀራ በኋላ ያቅተኛል። ነጥብ 3።
እሑድ ቅዳሴ ከወንጌሉ እስከ መጨረሻው መቆም፣ በመቋሚያ። ነጥብ 2።
ዓባይ ድልድይን ደርሶ መልስ መሄድ። ዛሬ ግማሹ ላይ እቀመጣለሁ። ነጥብ 4።
ሕመም፦ 7።

ሦስቱ ሲደመሩ 9፣ ለሦስት ሲካፈሉ 3። ይህችን ቁጥር አጥብቀው ይያዙ። ወደ ኋላ እንመጣባታለን።

5. ለዋናው ግብ መሰላል ይሥሩ

ይህ እርምጃ ለሁሉም አያስፈልግም፤ ለአንዱና ለዋናው ብቻ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ኪረሱክና ሸርማን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለአእምሮ ጤና ሕክምና ብለው ያወጡት ዘዴ ነው። ኋላ ለአካል ሕክምናም ተረፈ። በመጨረሻው ቀን ሊሆን የሚችለውን በአምስት ደረጃ አስቀድሞ መጻፍ ነው።

የእንጀራውን ግብ ብንወስድ፦ የዛሬው 8 እንጀራ ነው። ከጠበቅነው በታች ቢሆንም መሻሻል፣ 18። የጠበቅነው፣ 30። ከጠበቅነው በላይ፣ 40። እጅግ በላይ፣ 40 ጋግሮ ሊጡንም ራስ አቡክቶ ማደር።

ጥቅሙ ምን መሰለዎት? 18 ላይ የደረሰ ሰው «30 አልሞላሁም፣ ከሸፈ» አይልም። ደረጃው ተጽፏል፤ መሻሻል ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለተኛም ከስድስት ሳምንት በኋላ ልብዎ በተከፋበት ቀን ውጤቱን ዝቅ አድርገው እንዳያዩት ይጠብቅዎታል፤ መለኪያው ገና ልብዎ ሳይከፋ ተቆርጧልና።

6. ደብተሩን ለፊዚዮቴራፒስትዎ ያሳዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። እኛ ጋ ታካሚ ተከብሮና አክብሮ ነው የሚያድገው። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «ተመስገን» ይላል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰውም «ተመስገን» ይላል። ይህ የእምነታችንም የባህላችንም ነገር ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን ባለሙያው ከዚያ ቃል ምን ተሻሻለ፣ ምን ቀረ የሚለውን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ተመስገኑን ይበሉና ደብተሩን ይዘርጉ። ደብተር ምስጋና ቢስ አያደርግም።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ግቡ በስድስት ሳምንት የሚደረስበት ነው ወይስ ከፍ ብሏል? የታዘዘልኝ ስፖርት ከየትኛው ግብ ጋር ነው የሚገናኘው? በምን ፍጥነት ልጨምር? ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋው ትልቅ ነው። ቆሞ መጋገር ለሚፈልግ ሰው ሥራው ሁሉ አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብቻ ካለቀ አንድ ነገር ጎድሏል። መቆምን፣ ጎንበስ ማለትን፣ ማንሳትን ቀስ በቀስ መለማመድ አለበት።

ማሽንን በተመለከተ የማምንበትን ልናገር። ሙቀትና ኤሌክትሪክ ሲደረግልዎት ደስ ይላል፣ ዘና ያደርጋል። ብዙ ታካሚ የክሊኒክን ጥሩነት በማሽኑ ብዛት ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ ግን ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪ መጎተትን፣ የአልትራሳውንድ ሕክምናንና በቆዳ ላይ የሚደረግ የኤሌክትሪክ ንዝረትን እንደ መደበኛ ሕክምና አልመከረም። ፈለገ ሕይወትም ይታከሙ፣ ጥበበ ግዮንም፣ የግል ክሊኒክም፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከአልጋው ከወረዱ በኋላ ያ የጻፉት ሥራ ቀለለዎት?

ለቤተሰብም ያሳዩት። «አርፈሽ ቁጭ በይ፣ እኛ እናነሳዋለን» የሚል ቤተሰብ ከፍቅር ነው የሚለው። ነገር ግን 18 እንጀራ ላይ ለመድረስ የሚጣጣር ሰው እጅ ላይ ሰፌዱን ቢነጥቁት ግቡንም ነጠቁት። ደብተሩ ላይ ያለውን ካወቁ በሌላ በኩል ይረዳሉ፤ ጀሪካኑን ያነሳሉ፣ ምጣዱን ለእርስዎ ይተዋሉ።

7. በሳምንት አንዴ ይለኩ

በየቀኑ አይለኩ። በየቀኑ ሕመሙን የሚቆጥር ሰው ውሎው ስለ ሕመሙ ማሰብ ይሆናል። አንድ ቀን ይምረጡ፣ ለምሳሌ ሰኞ ማታ፣ ያለፈውን ሳምንት አስበው ነጥብ ይስጡ። የባለፈውን ነጥብ ሳያዩ ቢሰጡ ይመረጣል።

ሁኔታው ተመሳሳይ ይሁን። ማስታገሻ ኪኒን ውጠው ከሆነ ከጎኑ ይጻፉ። ድልድዩን ጠዋት ከለኩ ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን፤ የባህር ዳር የቀትር ፀሐይ ጤነኛውንም ያስቀምጣል። ክረምት ገብቶ ዝናብና ጭቃ መንገድ ሲዘጋብዎት የወረደው ነጥብ የወገብዎ ላይሆን ይችላል፤ «ዝናብ» ብለው ያስታውሱት። ከስቅለት ስግደት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናትም አይለኩ። ያን ዕለት የማያመው ወገብ የለም።

ሕመም ተመልሶ የሚነሣበት ሳምንት ይኖራል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ሳይመላለስ አይሄድም። ነጥቡን ይጻፉት፣ ስፖርቱን ቀነስ አድርገው ይቀጥሉ፣ መተኛት ግን አያብዙ።

8. ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያስሉት

ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ እንመለስ። አሁን ሳይቀመጡ 20 እንጀራ ይጋግራሉ፤ የእንጀራው ነጥብ 6 ሆኗል፣ የቅዳሴው 3፣ የድልድዩ 6። ድምሩ 15፣ አማካዩ 5። ሲጀምሩ 3 ነበር። በ2 ጨምሯል።

ሁለት ብዙ ነው ወይ? በዚህ መለኪያ የአማካዩ ለውጥ 2 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን እውነተኛ ለውጥ ነው ይባላል፤ ከዚያ በታች ያለው የዕለት መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ነጠላ ሥራ ደግሞ 3 ይፈለጋል። ስለዚህ የእኚህ እናት የእንጀራው ለውጥ የሚታመን ነው። ድልድዩ ተስፋ ይሰጣል፣ ይጠበቅ። ቅዳሴው ገና ነው።

ሕመማቸውስ? ከ7 ወደ 6። ለሕመም ቁጥር ቢያንስ 2 ነጥብ ወይም 30 በመቶ ያህል መቀነስ ነው ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለው። በሕመሙ ብቻ ለክተው ቢሆን ኖሮ «ምንም አልተሻለኝም» ብለው ያቋርጡ ነበር። ከ8 እንጀራ ወደ 20 የደረሱበትን ሕክምና ማቋረጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው ላይ ሥራው ይቀድማል፣ ሕመሙ ከኋላ ይከተላል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሕመሙ ሳይጠፋ ሕይወቱ ይመለሳል።

አማካዩ ካልጨመረስ? መጀመሪያ ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ፤ ስፖርቱን ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ? ካልሠሩ ለምን? ጊዜ ነው፣ ቦታ ነው፣ ፍርሃት ነው? «ዲስኩ ይፈነዳብኛል» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው፤ ይህን ለባለሙያው ይንገሩት። በሚገባ ሠርተውም ካልጨመረ ደብተሩን ይዘው «አልተለወጠም፣ ምን እንቀይር?» ይበሉ። መቀየር ያለበት የስፖርቱ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ግቡ ራሱ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት ነገር ሊሆን ይችላል። ያንኑ ነገር ሌላ ስድስት ሳምንት መድገም ግን መልስ አይደለም።

9. ግቡ ሲሞላ

የሞላውን ግብ ያስወጡ፣ ከዝርዝሩ ሌላ ያስገቡ። ለምሳሌ ድልድዩ ከቀለለ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ይቻላል፤ እሱ አቀበት ነው፣ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ሦስቱም 8 እና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ቀጠሮውን ስለማራራቅ ይነጋገሩ። በጀልባ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ስፖርቱ እዚያው ቤቱ ይቀጥላል፣ ነጥቡን በስልክ ማሳወቅም ይቻላል።

ክትትሉ ካለቀ በኋላ ደብተሩን አይጣሉት። በወር አንዴ ሦስቱን ነጥቦች ይጻፉ። አማካዩ በ2 ከወረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩ፤ እንደወረደ ከቆየ በመጀመሪያ ያሠሩዎትን ስፖርት እንደገና ይጀምሩት። በሌላ ሁለት ሳምንት ካልተመለሰ፣ ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቁ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።